ዐሥራ ሁለት ሰከንድ

«ፍሽሽሽ… ኡኡኡም።»

ስካይዌይ የሚባለው የፈረንጅ አገር ሰፈር በገባሁ ሰሞን ይህን ድምፅ በግድግዳው በኩል ስሰማ፣ ጎረቤቴ አስም ያለባት ላም የሚያሳድር መስሎኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ላሟ ሳስብ ከረምኩ፤ ስምም አወጣሁላት። ኋላ በር ላይ ስንገጣጠም፣ ልዑልቃል የሚባል ቀጭን ሰውዬ አኮርዲዮን ደረቱ ላይ አንግቶ ቆሟል። ላም የለም። ትንሽ ከፋኝ።

ልዑልቃል የሚጫወተው ክላሲካል ነው። ዘንድሮ የከተማውን ትልቁን የሙዚቃ ሽልማት አሸነፈ። ሽልማቱን ሲቀበል ራሱ የደረሰውን ሙዚቃ ሊጫወት ነው፤ ግን ፊቱ አልተፈታም።

«መሃሉ ላይ ዐሥራ ሁለት ሰከንድ ዝምታ አለ» አለኝ። «መጨረሻው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ዝም ስል ያለቀ ይመስለውና እልልታውን ያቀልጠዋል። ያሳደገችኝ አክስቴ አንድ ቀን እንኳ መጨረሻውን ሰምታልኝ አታውቅም። በናትህ፣ አጠገቧ ቁጭ በልና ያዝልኝ።»

አክስቱ እትዬ የኔነሽ ሊንውድ የሚባለው የጎረቤት ከተማ ሰው ናቸው። ሠርግ ያለበት ሁሉ ከአዳራሹ በፊት የሳቸውን እልልታ ቡክ ያደርጋል። ወደ አዳራሹ መኪና እየነዳሁ መከርኳቸው።

«እትዬ፣ ዝም ሲል አላለቀም። እስከ ዐሥራ ሁለት ይቁጠሩ፣ ኦኬ?»

«አንተ ነህ ደሞ ቁጥር የምታስተምረኝ? ይልቅ ኤግዚቱን አለፍከው።»

እውነትም አልፌዋለሁ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ልዑልቃል ተጫወተ፣ ተጫወተ፣ ከዚያ የአኮርዲዮኑን ወናፍ እስከ ጥግ ለጥጦ ቀጥ አለ።

አንድ። የእትዬ የኔነሽ ደረት ተነፋ። ሦስት። ምላሳቸው ብቅ አለ። አምስት ላይ የነጠላቸውን ጫፍ ጎርሰው ነከሱት። ስምንት። ዐይናቸው እንባ አቀረረ፤ ድምፅ ግን የለም! ዐሥር። እንዲህ ያለ ጀግንነት አይቼ አላውቅም። ደስታው አሰከረኝና ሳላስበው እኔው ብድግ ብዬ፣

«እልል በሉ!» አልኩ።

ፈረንጁ ሁሉ «ይሄ የሚያውቅ ነው» ብሎ መሰለኝ አብሮኝ ተነሣ። ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ፕሮግራም መሪዋ ከብርጭቆ የተሠራውን ሽልማት ይዛ ሮጠች፤ ልዑልቃል ወናፉን እንደለጠጠ ስለሆነ መቀበያ እጅ አጣ፤ ብብቱ ሥር ሸጎጠችለት። እሱ የሚያየው እኔን ነው።

«ቁጭ በሉ!»

እትዬ የኔነሽ ናቸው፣ በአማርኛ፣ ነጠላቸውን ከአፋቸው አውጥተው። «አላለቀም ተባለ እኮ! አንቺም ልጄ፣ አትንቀዥቀዢ!»

አስተርጓሚ አላስፈለገም። ያ ሁሉ ሰው ቁጭ አለ። ፕሮግራም መሪዋም እዚያው መድረኩ ወለል ላይ ቁጭ አለች።

ልዑልቃል ብርጭቆውን በብብቱ እንደያዘ መጨረሻውን ተጫወተ። አጭር ነበር፤ ልጅ እንደማባበል ያለ፣ ቀስ ያለ።

አለቀ። ማንም አላጨበጨበም። ልዑልቃልን ጨምሮ አዳራሹ በሙሉ ፈቃድ እንደሚጠብቅ ሁሉ የእትዬ የኔነሽን ፊት ያያል።

እሳቸው ቦርሳቸውን አነሡ፣ ጉልበቴን ተሻገሩ፣ በመተላለፊያው ቀስ ብለው ሄደው በሩን ከፍተው ወጡ። በሩ ሲዘጋ፣ ታፍኖ የቆየው እልልታ ከውጭ ቀለጠ።