ጋዙ የት ሄደ?

ወንጌላዊት አንድ ነገር ካልገባት እንቅልፍ አይወስዳትም። ይህ ጠባይ ኮሌጅ እያለች አስመስግኗት ነበር፤ የማቀዝቀዣ ጥገና ተምራ ለትብብር ሥልጠና ግዛቸው ዘንድ ስትላክ ግን ጣጣ ሆነባት። ግዛቸው የሐዋሳ ሆቴሎችን ኤሲ ሲጠግን ሃያ ዓመት የሞላው፣ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የባሰ ሰው ነው። "የጠየቅሽውን ያህል ብሎን ብትፈቺ ይሄኔ መሐንዲስ ነበርሽ" ይላታል። "ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል እኮ" ብትለው፣ "እኔ ደጃዝማች አላጣሁም፤ የቸገረኝ መሰላል ያዥ ነው" አላት። ሁለት ወር ሙሉ መሰላል አሸከማት። አሁን የምዘና ቅጿ አርብ ኮሌጅ መድረስ አለበት፤ እሱ ካልፈረመበት ዓመቱን ትደግማለች።

ረቡዕ ጠዋት ሐይቅ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ተደወለ። የሠርግ አዳራሹ ኤሲ እንደገና ማቀዝቀዝ ትቷል፤ ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ አለ። ግዛቸው ለዚሁ ኤሲ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋዝ ሞልቷል። የጋዙን ሲሊንደር ለአራተኛ ጊዜ ከባጃጅ ሲያወርድ ወንጌላዊት አፏን መያዝ አቃታት።

"ጋሽ ግዛቸው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ ሁሉ ጋዝ የት ሄደ?"

"አለቀ።"

"ጋዙ እኮ እንደ ቤንዚን ነዶ አያልቅም። እዚያው ቱቦው ውስጥ ነው የሚዞረው። ካልፈሰሰ በቀር የት ይሄዳል?"

ባለባጃጁ ሳቀ። ግዛቸውን ያበሸቀው ጥያቄው ሳይሆን ይህ ሳቅ ነው። ሲሊንደሩን መሬት ላይ አስቀመጠና "በይ እንግዲያው ፈልጊው!" አለ። "ሻይ ጠጥቼ እስክመጣ የተበላሸበትን ምክንያት ካገኘሽ እፈርማለሁ። ካላገኘሽ ፊርማዬን እርሺው።"

ወንጌላዊት ደነገጠች፤ ደስም አላት። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የእሷ ብቻ ሆነ። ሳሙና በውሃ በጥብጣ የመዳብ ቱቦውን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ቀባች፤ ጋዝ የሚያፈስ ቦታ አረፋውን ይነፋዋል። ውጪ ያለውን ቀብታ ጠበቀች፤ ምንም የለም። ውስጥ ያለውንም ቀባች፤ ምንም የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ እሷ ግን ጭራሽ ጥያቄው ባሰባት። ካልፈሰሰ ጋዙ እዚያው አለ ማለት ነው። ካለ ታዲያ ለምን አያቀዘቅዝም?

መሰላሉ ላይ ወጥታ የማሽኑን ፊት ከፈተች። የአየር ማጣሪያው ፊልተር ታጥቦ ንጹሕ ነው። ስታወጣው ከኋላው ነጭ ነገር አየች። በረዶ መሰላት፤ ስትነካው ጨርቅ ነው። ጎተተችው። አራት ጊዜ የታጠፈ የአልጋ አጎበር! ዙሪያው በሥርዓት ተሰፍቷል፤ የሞተ የሐይቅ ትንኝ እንደ ቆጮ ተጋግሮበት የማሽኑን አየር አፍኖታል። ማን ይሆን እንዲህ አሳምሮ የሰፋው ብላ ዘወር ስትል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ የሺ መወልወያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ክው ብለው ቆመዋል።

"ልጄ፣ በናትሽ መልሽው" አሉ። "ማታ ማታ ትንኙ መብራት እያየ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ከነፋሱ ጋር ወጥቶ ሙሽሮቹ ሳህን ላይ ወደቀ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሕዝቅያስ 'ሁለተኛ ትንኝ ካየሁ ሥራ የለዎትም' አሉኝ። ምን ላድርግ? ትንኝ የሚከለክለው አጎበር ነው፤ ከራሴ አልጋ አውልቄ ሰፋሁና ፊልተሩን ሳጥብ ከኋላው ከተትኩት።"

 የወንጌላዊት ቅጽ የሚፈረመው ይህን ጨርቅ ካሳየች ነው፤ ካሳየች ደግሞ እትዬ የሺ እንጀራቸውን ያጣሉ። ልሸሽገው አልሸሽገው ስትል ግዛቸውና አቶ ሕዝቅያስ ተከታትለው ገቡ።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ አቶ ሕዝቅያስ። "ማን ነው እዚያ ውስጥ የከተተው?"

ወንጌላዊት መልሱን እያወቀች አጎበሩን ታጣጥፍ ጀመር።  ግዛቸው አጎበሩን ከእጇ ወሰደ። ስፌቱን አየ፤ መወልወያቸው ላይ የተደገፉትን እትዬ የሺን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማንም ይክተተው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቴም ፊቱን ሳልከፍት፣ የጋዝ መለኪያው ጌጅ ዝቅ ማለቱን ብቻ አይቼ ጋዝ ሞላሁ። አንዴ ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ አየው ነበር።"

አቶ ሕዝቅያስ ብዙ ሊናገሩ አስበው ነበር፤ አጠፋሁ ያለን ሰው ግን ምን ይሉታል? "ሁለተኛ ያለዚህች ልጅ እንዳትመጣ" ብለው ወጡ።

ትርፉን ጋዝ ቀንሰው ማሽኑን ሲያስነሱት አዳራሹ ቀዘቀዘ። ውጪ አጥሩ ሥር ግዛቸው ቅጹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ከዚያ ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ወንጌል፣ አየር ሲታፈን ጌጁ ለምንድን ነው ዝቅ የሚለው? ቱቦው ላይ በረዶስ ለምን ይሠራል? እኔ ከአለቃዬ እጅ እያየሁ ነው የለመድኩት። አንድ ቀን ብጠይቀው በመፍቻ አናቴን አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።"

ወንጌላዊት ስንጥር እንጨት አንሥታ አፈሩ ላይ ቱቦውን መሣል ጀመረች። ግዛቸው ሱሪውን ሰብስቦ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።