የካይሮው እጮኛ በዓሣ ቤት

የካይሮ ሰው በበጋ እስክንድርያ ሲመጣ ባሕሩን ይዞት የመጣ ይመስለዋል። የኛው ረኡፍ ደግሞ የባሰበት ነው። የወንድሜን ልጅ ዒናስን ላግባ ብሎ የመጣ ሰው፣ እኔን፣ አንፉሺ ሰፈር ተወልጄ አንፉሺ ያረጀሁትን ሴትዮ፣ ከዒናስ ጋር በፈረስ ጋሪ ጭኖ ከተማዬን ያስጎበኘኝ ጀመር! «ሐጃ፣ ይሄ የቃይትባይ ምሽግ ይባላል» ይለኛል በጣቱ እየጠቆመ። ወይ ጉድ! ልብሴን ባሰጣሁ ቁጥር ፊቴ የሚገተር ምሽግ ነው። ደግሞ «ሐጃ» ብሎ ነገር! መካን ያየሁት በቴሌቪዥን፤ ዕድሜዬንስ ማን ጠየቀው?

በየመቶ እርምጃው «አንዴ ፎቶ ልነሳ» እያለ ጋሪውን ያስቆማል። ፈረሱ እንኳን ታዘበው።

ዒናስን እናቷ ገና በጨቅላነቷ ነው ጥላት የሞተችው። አባቷ ኩዌት ይሠራል፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ወንድሜ በስልክ «ልጁን አንቺ እይው። ከወደድሽው ፋቲሓ ቅሩና እጮኝነቱን እሰሩት፤ ካልወደድሽው ሸኝው» አለኝ። እኔ ደግሞ ልሸኘው ቆርጬ ነው ከቤት የወጣሁት። ምን ልደብቅ? ዒናስ ካይሮ ከገባች እኔ ከማን ጋር ላወራ ነው? ከግድግዳው ጋር?

«ከእራት በኋላ ዘፋኝ ያለበት ካፌ እወስዳችኋለሁ» አለ ረኡፍ። «እስክንድርያ ውበቷ በማታ ነው!»

«አይ አንተ! ከየት አወቅካት ደግሞ?»

«ከኢንተርኔት፣ ሐጃ» አለኝ፣ ቅንጣት ሳያፍር።

እኔ የምጠብቀው እራቱን ነበር። እኛ ጋ ዓሣ ቤት የገባ ሰው ወንበር አይፈልግም፤ መጀመሪያ በረዶው ላይ የተደረደረው ዓሣ ጋ ነው የሚሄደው። ለገበታው ሁሉ የሚመርጠው አባወራው ነው። ጉንጩን ገልጦ ውስጡ መቅላቱን ያያል፣ ሆዱን ይጫናል፣ ከሻጩ ጋር ትንሽ ይሰዳደባል። ዓሣ መምረጥ የማያውቅ ወንድ ቤት ማስተዳደርም አያውቅ። እኛ ቤት መራጯ እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ የበሰበሰ ይዤ ገብቼ አላውቅም።

የገባንበት ዓሣ ቤት ሻጭ የድሮ ደንበኛዬ ነው፤ ጠቀስኩት። ዓይናቸው የጎደጎደ፣ የሰነበቱ የቡሪ ዓሦችን ከፊት ደረደረልኝ።

«በል ረኡፍ ልጄ፣ የዛሬው መራጭ አንተ ነህ» አልኩት፣ ምላሴን ማር አድርጌ።

በረዶው ፊት እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ፤ ጫማ የሚገዛ ነው የሚመስለው። አንዱንም ዓሣ አልነካ። እኔ በሆዴ «አለቀልህ!» አልኩ። ከዚያ ዘወር ብሎ ዒናስን «አንቺስ ምን መብላት ነው ያማረሽ?» አይላትም!

ሳቄ አመለጠኝ። «ይሄም ጥያቄ ሆኖ! የአንፉሺ ልጅ ምን ያምራታል? ቡሪ በፉርሽካ ተለውሶ እሳት ላይ፣ ሌላ ምን ሊያምራት ነው?»

«ዓሣ አልወድም» አለች ዒናስ።

ሻጩ የያዘውን ቢላ አስቀመጠ።

«ምን አልሽ?»

«አልወድም፣ አክስቴ። ሽታው ራሱ ያጥወለውለኛል። እኔ የምወደው ጉበት ነው፤ እዚያ ማዶ ጋሪው ላይ የሚጠበሰውን፣ ቃሪያ የበዛበትን።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይሄ ነው። ሰው ፊት መሆናችንን ረሳሁት፤ ጮህኩባት። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት አፍሽን ምን ያዘው?»

«ልጅ ሆኜ ነግሬሽ ነበር እኮ። ‹የዓሣ አጥማጅ የልጅ ልጅ እንዲህ አትልም› ብለሽ ጭራውን ጨመርሽልኝ። ከዚያ ወዲህ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።» ስትናገር አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ እዚህ ምን እንሠራለን?» አለ ያ ጉደኛ፣ በሩንም ከፈተልን። ሻጩን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

የጉበቱ ጋሪ ጋ ቆመን በላን። ረኡፍ እንደገመትኩት መብላትም አይችልበትም፤ ዘይቱን ሸሚዙ ላይ አንጠባጠበው፣ ቃሪያው ደግሞ እንባውን አወረደው። የኔ ዓይን ግን ዒናስ ላይ ነበር። ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ ትገምጣለች። ጨረሰችና ጉበት ጠባሹን «አንድ ድገመኝ» አለችው።

ድገሚኝ ስትል ሰምቼያት አላውቅም። እኔ እኮ «ልጄ ሆዳም አይደለችም» እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ ስኩራራ ነው የኖርኩት።

«እጃችሁን ጥረጉ» አልኳቸው። «ፋቲሓ እንቅራ።»

«እዚህ? መንገድ ላይ?» አለ ረኡፍ።

«ዝም በል፣ እጅህን ዘርጋ።»

ጀመርኩ። መሃል ላይ ድምፄ እምቢ አለኝ። እስከ መጨረሻው የቀራልኝ ያ የካይሮ ልጅ ነው።