የካፖርት ቁልፍ የሚያህል ፊደል

ሰፈሩ መቀስ ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፤ ግማሹ ለሥራዋ፣ ግማሹ ለምላሷ። ልብስ ሰፊ ናት። በዚህ ዕድሜዋ ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት መነጽር አትጠይቅም፤ ፊደል ግን አንዱንም ለይታ አታውቅም። ትምህርት ቤት በደጁም አላለፈችም። አትደብቀውም። ሊያዝንላት የሚሞክር ሰው ከመጣ፣ «ሱሪህን ያሳጠርኩልህ እኔ ነኝ፤ ዲግሪህ አይደለም» ብላ ታሰናብተዋለች።

ባሏ ደግሞ ዕድሜውን ማተሚያ ቤት የጨረሰ ፊደል ለቃሚ ነበር። ያኔ ፊደል ብረት ነው፤ ከሳጥን አንድ በአንድ እየለቀሙ መስመር የሚያስይዙት። ደካማ አምፖል ሥር አጎንብሶ፣ የተገለበጠ ፊደል እያነበበ፣ ለሌላው ሰው ጋዜጣ ሲያሰናዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ለራሱ የሚያነብበት ዓይን አልተረፈውም። አልታወረም። ግን በር ላይ የቆመ ሰው ድምፁን ካላሰማ ማን እንደሆነ አይለይም ነበር። ጋዜጣ ሲሰጡት አፍንጫውን አስነክቶ ያሸተዋል እንጂ አያነበውም።

ኮምፒውተሩን ያመጣችው ሴት ልጃቸው ናት። የምትሠራበት ትኬት ቢሮ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለሠራተኞቹ አደለ። ልጅቷ መጥታ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ዳር ላይ አስቀመጠችው፤ ብራውዘሩ በየት እንደሚከፈት፣ ጋዜጣው በየት እንደሚገኝ፣ ጥግ ላይ ያሉት ሦስት ሰረዞች ሲጫኑ ምን እንደሚመጣ ለአባቷ አሳየችውና ወደ ሥራዋ ሮጠች። እሱ ሁሉንም በቃሉ ያዘ። ማየቱ ላይ ነው የቸገረው።

«ነይ እስቲ መቀስ፣ ይሄን ፊደል አሳድጊልኝ» አላት።

«እኔ? እኔና ፊደል መቼ ተዋውቀን! መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላምታም አንለዋወጥ።»

«ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ነኝ። ልኬን ውሰጂ።»

እንዲህ ሲላት ገባት። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ወገቡን ቀና አደረገችው፣ ማውሱን ያዘች። እሱ ግንባሩን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ለጥፎ «ከዚህ በታች፣ እሱን፣ እሱን ተጫኚ» እያለ ይመራታል። ፊደሉ ትንሽ አደገ።

«እህስ?»

«ጠበበኝ።»

አሳደገችው።

«አሁንስ?»

«ብብቴ ሥር ይይዘኛል።»

«ሰውዬ፣ ትቀልዳለህ ወይስ ታያለህ?» ብላ ተነሣችና የቁልፍ ቆርቆሮዋን አመጣች። የሸሚዝ ቁልፍ አውጥታ መስታወቱ ላይ ያዘችለት። ራሱን ነቀነቀ። የኮት ቁልፍ ያዘችለት። እሱንም አልፈለገም። በመጨረሻ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ፣ አራት ቀዳዳ ያለውን፣ ጠርዙ ወፍራሙን ለጠፈችለት።

«ይሄን ልልበሰው» አላት።

ፊደሉን ከዚያ ቁልፍ ጋር እኩል እስኪሆን አሳደገችው። አንዱን ፊደል ከቁልፉ ጎን እየያዘች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ እጅጌ እንደምታስተካክል። ከዚያ ደግሞ ነጩ መደብ ዓይኔን ወጋኝ አለ፤ ጥቁር አደረጉት። የፊደሉን ቀለም ለመምረጥ የክር ሳጥኗን ጭኑ ላይ ዘረገፈችለት። አንዱን ጥቅል ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ፣ ሌላውን ወርውሮ፣ እንደ ሙሽራ ሲያማርጥ ቆየና አንድ ቢጫ ላይ ረጋ። ለመጋረጃ የገዛችው፣ ደማቅ የበሰለ ሎሚ የመሰለ ክር ነው። እሷም ጥቅሉን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ የቀለሙ ሳጥን ውስጥ ያለችውን ትንሽ ክብ ወዲያ ወዲህ እየጎተተች፣ ክሩና ፊደሉ አንድ ሲሆኑ ለቀቀችው።

«አለቀ። ውጣና ራስህን በመስተዋት እየው» አለችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ጠዋቶች ናቸው እንግዲህ ዛሬም ድረስ ጆሮዋ ውስጥ ያሉት። እሱ ጋዜጣውን ይከፍታል፣ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች፣ እሱ ጮክ ብሎ ያነባል። ፊደሉ የካፖርት ቁልፍ ስለሚያህል መስታወቱ ከጥቂት ቃል በላይ አይችልም። እነዚያን ይልና ያቆማል፤ የማውሱን ጎማ ያሽከረክራል፤ ቀጣዮቹ ይመጣሉ። መቀስ ደግሞ ያቺን ክፍተት አትምርም።

«ከንቲባው ትናንት ጠዋት...» ይላል ባሏ። ጎማው ይዞራል።

«ተኙ!» ትላለች።

«...አዲሱን ድልድይ...»

«ሸጡ!»

«...መረቁ። እንግዲህ አስጨርሺኝ!»

«እሳቸው ድልድዩን መቼ ጨረሱና ነው አንተን የማስጨርስህ?»

እሱ እጁን ከጎማው ሳያነሣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። አንድ ወሬ ለማንበብ ሻይ ሁለቴ ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን ስታስበው ወሬዎቹን አንዳቸውንም አታስታውስም። የምታስታውሰው ክፍተቶቹን ነው።

ሰውዬው ካረፈ ሁለተኛው ክረምት መጣ። መቀስ ጨርቅ ታቅፋ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ካፖርቱን ለወንድሙ፣ ጫማውን ለጎረቤት፣ ሸሚዞቹን አሳጥራ ለእህቱ ልጆች ሰጠች። ሰው «ምነው አንዲት እንኳ ለመታሰቢያ» ሲላት «ብል ነው የሚያስታውሰው» አለች። ግን ጠዋት ጠዋት ብራውዘሩን ትከፍታለች። ጥቁሩ መደብ ላይ ቢጫው ፊደል ተደርድሮ ይመጣል፤ አንዱንም አታውቀውም፤ ዝም ብላ ከፍታው መኪናዋን ትረግጣለች። የሰፈሩ ባለሱቅ ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ ወደ መስታወቱ እያየ ይጠይቃታል።

«ዛሬ ምን ይላል እናቴ?»

«የትናንቱኑ። ሰዎቹን ብቻ ቀያይረዋል።»

እሱም ታነባለች ብሎ ተገርሞ ይሄዳል። እሷ አነባለሁ አላለችም። እሱ ነው ያለው።

ቅዳሜ ዕለት ልጅቷ መጣች። ትኬት ቢሮ የሚሠራ ሰው ወረፋ እንደያዘ ነው የሚኖረው፤ ሳትቀመጥ ሥራ ጀመረች። ኮምፒውተሩን ከፈተችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«እማ፣ ይሄ ነገር ተኝቷል እኮ! አንድ ገጽ ለመክፈት ስንት ያቃስታል?»

«ተይው፣ እኔም ስነሣ አቃስታለሁ።»

«አባዬ ደግሞ የከፈተውን ገጽ ሁሉ እንዳለ ነው የተወው። አንድም አልዘጋም እንዴ?»

«ያልጨረስኩትን አልዘጋም ነበር የሚለው። ሻይ ላምጣልሽ።»

ወጥ ቤት ገብታ ውኃው እስኪፈላ ቆመች። ሻዩን ይዛ ስትመለስ ክፍሉ ነጭ ሆኗል። መስታወቱ አዲስ የታጠበ አንሶላ መስሎ ይንቦገቦጋል፤ መሐሉ ላይ ፊደሎቹ ጉንዳን አክለው ይራወጣሉ።

«አጸዳሁልሽ!» አለች ልጅቷ ደስ ብሏት። «አሁን እንዴት እንደሚፈጥን እይው። የተዝረከረከውን ሁሉ አጥፍቼ ወደ መጀመሪያው መለስኩት።»

«የማን መጀመሪያ?»

«የራሱ ነዋ። ሲሠራ እንደነበረው።»

«እኔም ስወለድ ራቁቴን ነበርኩ። መጥተሽ ልታወልቂብኝ ነው?»

«እማ ደግሞ! ምን ሆንሽ?»

«መልሺው።»

«ምኑን?»

«ጥቁሩን። ቢጫውን። ትልቁን። መልሺው አልኩሽ!» ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ።

ልጅቷ ክፋት የላትም። ቸኩላ የምትናገር ናት፤ ይህንንም ከማን እንደወረሰችው ይታወቃል። «አንቺ እኮ አታነቢም እማ» አለቻት። «ፊደሉ ቢያንስ ቢተልቅ ላንቺ ምንሽ ነው?»

መቀስ አፏን ከፈተች። በዚህች ቤት ውስጥ መልስ ያጣችበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ነጩን መስታወት ስታየው ቆየች። ልጅቷ ፈራች፤ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

«ለእኔ መሰለሽ እንዴ?» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «የእሱ ልክ ነው። እዚህ ተቀምጦ ለካሁት፤ ጠበበኝ ሲል አሰፋሁለት። ካፖርቱን ስሰጥ ካፖርቱን የሠራው ሌላ ነው ብዬ ሰጠሁ። ይሄን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ጠዋት ስከፍተው ሰውዬው ገና ያልለበሰው፣ መስቀያ ላይ ያለ ልብስ ይመስለኝ ነበር። ይኸው ነው። አሁን ሳቂ።»

ልጅቷ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የእናቷን ጉልበት ያዘች።

«አላወቅኩም እማ። ይቅርታ። እመልሰዋለሁ፤ የፊደሉ ቁጥር ስንት እንደነበረ ብቻ ንገሪኝ።»

«ቁጥር አላውቅም።»

«ቀለሙስ ስሙ ምን...»

«ስሙንም አላውቅም» አለችና ድንገት ቀና አለች። «ቆይ።»

የቁልፍ ቆርቆሮውን አወረደችና ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ጣቷ እየሄደ የሸሚዙን አለፈ፣ የኮቱን አለፈ፣ አራት ቀዳዳ ያለው ጥቁሩ ላይ ቆመ። መስታወቱ ላይ ለጠፈችው።

«ይሄን እስኪያህል ግፊው።»

ልጅቷ ሦስቱን ሰረዞች ከፍታ መጠኑን መጨመር ጀመረች። «በቃ?»

«ጠብቦታል።»

«አሁንስ?»

«ብብቱ ሥር ይይዘዋል። ጨምሪ።»

ልጅቷ ዞር ብላ አየቻት፤ ከዚያ ጨመረች። ፊደሉ ከቁልፉ ጋር እኩል ሆነ። መደቡን አጠቆረች። ቀረ ቢጫው። መቀስ ጥቅሉን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አመጣችው፤ ልጅቷም ክቧን እየጎተተች ከክሩ ጋር አገናኘችው። መቀስ ፊቷን አጨፈገገች።

«ይሄ አይደለም። ይሄማ የታመመ ሰው ነው።»

«ከክሩ ጋር አንድ ነው እኮ እማ! ይኸው እይው።»

አንድ ነው። የተቀየረው ክሩ ነው፤ መስኮት ላይ ተቀምጦ ፀሐይ መጦታል። መቀስ ጥቅሉን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። ከዚያ ጫፉን ያዘችና ትተረትረው ጀመር። የገረጣው ክር ወለሉ ላይ እየተከመረ፣ ልጅቷ «ኧረ ተይ፣ ሙሉውን ልታበላሺው ነው» እያለች፣ እሷ አልሰማ ብላ መተርተሯን ቀጠለች። ከሥር ፀሐይ ያልነካው ወጣ። የበሰለ ሎሚ የመሰለው።

«ይኸውልሽ» አለች፣ ጥቅሉን መስታወቱ ላይ አስደግፋ። «ከዚህ ጋር አድርጊው።»

ክቧ ተጎተተች። ቆመች። ክፍሉ እንደገና ጥቁርና ቢጫ ሆነ፤ እንደ ድሮው ጠዋት።

«ያልጨረሳቸው ገጾችስ?» አለች መቀስ።

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «እነሱን ፈልጌ አጣኋቸው እማ። ጠፍተዋል።»

መቀስ ወለሉ ላይ የተከመረውን ክር ሰበሰበች። «ይሁን። እሱም ቢሆን አይጨርሳቸውም ነበር። ግማሽ ላይ ሲደርስ ነበር እንቅልፍ የሚወስደው።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ለማንሣት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ወንበሩን ወደ መስታወቱ አስጠጋች። መቀስ ሥራ ፈታ ላለመቀመጥ ይመስል መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ ጨርቅ ግን አላስገባችበትም። ልጅቷ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«የባቡር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ...» ፊደሉ ትልቅ ነው፤ መስታወቱ ሞላ። ጎማውን አሽከረከረች። ክፍተቷ ዝም ብላ አለፈች።

«...ባቡሮቹ ከእንግዲህ...» ጎማው ዞረ። ይቺኛዋም ክፍተት እንዲሁ አለፈች። መቀስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መስታወቱን ታያለች።

«...በሰዓታቸው...»

«ይቆማሉ!» አለች መቀስ።

ልጅቷ ሳቀች። እጇን ከጎማው አላነሣችም፤ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ። መቀስ ያንን ትከሻ አይታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ መለስ ስትል ዓይኗ ረጥቧል፤ ምላሷ ግን ወደ ቦታው ተመልሷል።

«ቀጥዪ እንጂ! ማን አቁሚ አለሽ? አባትሽ እንደሆነ ሳቁንም ንባቡንም አንድ ላይ ይችልበት ነበር።»

ልጅቷ ቀጠለች። የካፖርቱ ቁልፍ ወደ ቆርቆሮው አልተመለሰም፤ ኮምፒውተሩ ሥር፣ የቀዘቀዘው ሻይ ጎን ተቀምጧል።