ከእጇ ኋላ የቀረው ቀስት

ካርታ ሠሪዋ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችበትን ቢሮ ለመልቀቅ ደብዳቤ ጽፋ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣለች። ምክንያቱ ዓይኗ ነው። አባቷ ማየት ያቆሙት ልክ በእሷ ዕድሜ፣ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። ሲጀምራቸው ለማንም ስላልተናገሩ፣ ቤተሰቡ ያወቀው በር ስተው ከግድግዳ ሲጋጩ ነው።

የእሷ የጀመረው ቢሮው ትልልቅ ሞኒተሮች የገዛ ሰሞን ነው። የመንገዶቹ ቀይ መስመር ጠርዙ የተፋቀ መሰላት። ማውሱን ስታንቀሳቅስ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ከእጇ ኋላ ይንፏቀቃል። ከሰዓት ሲሆን ግንባሯን ይወቅራታል። ቤቷ ጋዜጣ ደህና አድርጋ ስታነብ እንኳ፣ “አባባም ደህና ቀን ነበራቸው” እያለች ተስፋዋን ራሷ ትቀጨዋለች። ሐኪም ጋ ለመሄድ ወኔ አጣች። ይዛው የነበረውን ትልቅ የወንዝ ካርታም አለቃዋን ለምና ለባልደረባዋ አሰጠች።

አንድ ጠዋት ቴሌቪዥን ጠጋኙ ታናሽ ወንድሟ የስብሰባ አዳራሹን ቴሌቪዥን ሊሰቅል መጣና ሰላም ሊላት ጎራ አለ።

“እታለም፣ ምነው ፊትሽ ልክ አይደለም?”

“ምንም አልሆንኩም።”

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ማውሱን ነካ ነካ አደረገ። “ይሄ ነገር ለምንድን ነው የሚጎተተው?”

ወደ እሱ ዞረች። “ላንተም ይጎተታል?”

“እንዴ! ለማን አይጎተትም?”

ጠረጴዛው ሥር ገባ። “በኤችዲኤምአይ ነው የሰኩልሽ” አለ ከዚያው። “ለቴሌቪዥን ግሩም ነው፤ ምስልም ድምፅም ባንድ ገመድ ያመጣል። ፊልም በሰከንድ ሃያ አራት ምስል ብቻ ስለሆነ ምንም አይጎድልበትም። የዚህ ኮምፒውተር ኤችዲኤምአይ ግን የድሮው ዓይነት ነው። ይህን ለሚያህል ስክሪን በሰከንድ ከሠላሳ ምስል በላይ መላክ ያቅተዋል። ሞኒተሩንም ቴሌቪዥን ነው ብሎ ቀለሙን እየቀነሰ ነው የሚልክለት።”

ከቦርሳው አንድ ማዕዘኑ የተቆረጠ ጫፍ ያለው ገመድ አወጣ። “ይሄ ዲስፕሌይፖርት ነው። ስድሳ ይልካል፣ በቀለምም አይሰስትም።”

“ታዲያ ሁሉም ለምን በዚህ አይሠራም?”

“አብዛኛው ቴሌቪዥን ቀዳዳው የለውማ! አዲስ ኤችዲኤምአይ ያለው ኮምፒውተር ቢሰጡሽ ኖሮ ደግሞ እሱም በበቃሽ።”

ገመዱ ቀጭ ብሎ ገባ። ስክሪኑ ጨለመና በራ። መንገዶቹ በምላጭ የተሰመሩ መሰሉ፤ ቀስቱም ከእጇ ጋር ተጣብቆ ሄደ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

“ለገመድም ይለቀሳል?” ብሎ ሳቀባት።

“እንደ አባባ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።”

ሳቁ ጠፋ። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ አሮጌውን ገመድ እጁ ላይ ይጠቀልል ጀመር።

“እኔ በየጠዋቱ አንድ ዓይኔን እየጨፈንኩ የጥርስ ሳሙናው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነባለሁ” አለ በመጨረሻ። “ይህን ማድረግ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሚስቴም አታውቅም።”

እህትና ወንድም በየሳምንቱ አንድ ገበታ ይቀርባሉ፤ ስለዚህ ነገር ግን ተነጋግረው አያውቁም።

“ሐኪም ጋ እንሂድ” አለችው። “አብረን። ነገ።”

እሷ የሚያስፈልጋት የማንበቢያ መነጽር ብቻ ሆኖ ተገኘ። የእሱ ግራ ዓይን ላይ ግን የዓይን ግፊት በሽታ ጀምሯል። ሐኪሟ ጠብታ አዘዘችለትና፣ “በጊዜ ነው የመጣኸው፤ ይህ በሽታ እይታን ከዳር ነው የሚበላው፣ በንባብ አይታወቅም” አለችው። ከሐኪም ቤቱ ሲወጡ ክንዷን ያዛት፤ መንገዱንም እንደዚያው ተሻገሩ።

ደብዳቤውን ቀደደችው። ባልደረባዋ ካርታውን ወዶት ስለነበር ሙሉውን አልመለሰላትም፤ የላይኛው ወንዝ ለእሷ፣ የታችኛው ለእሱ ሆነ። ማታ ማታ ለወንድሟ ትደውላለች።

“ጠብታህን አድርገሃል?”

“አድርጌያለሁ።”

“እውነትህን ነው?”

“ቆይ፣ ላድርግና ልደውልልሽ።”