ከኋላ ወንበር

ካልቶማ አባቷን ከዳበል መንደር ወደ ኬንያዋ ሞያሌ ይዛ ስትመለስ፣ ከመሪው ኋላ ብርቱካንማዋ የሞተር መብራት በራች። መኪናዋ ዝቅ ያለች፣ ባለሁለት በር፣ የድሮ ስፖርት መኪና ናት፤ ወንድሟ ሰሊም ናይሮቢ ሲገባ ትቶላት የሄደ። መብራቷ እየበራች ስትጠፋ ስለከረመች ካልቶማ ችላ አለቻት። አሁን ግን ትብለጨለጭ ጀመር። ሞተሩም እንደሚያስለው ሰው መንፈራገጥ ያዘ።

አባቷ ጃርሶ ጉልበታቸው በጀሶ ታስሮ፣ የኋላውን ወንበር ሞልተው ተዘርግተዋል። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ዲንቁ ጋ ደወለች። ዲንቁ ከኢትዮጵያ በስደት መጥቶ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ውስጥ ጋራዥ የከፈተ መካኒክ ነው፤ ሰው ሁሉ በስዋሂሊ «ፈንዲ» ይለዋል።

«ፈንዲ፣ መብራቷ በራች፤ መኪናው ይንገጫገጫል።»

«ዝም ብላ ነው የበራችው ወይስ ትብለጨለጫለች?»

«ትብለጨለጫለች።»

«ነዳጅስ አለሽ?»

«ጠዋት ነው እኮ የሞላሁት፤» ብላ የነዳጁን ጌጅ አየች። ቀስቱ ቀዩ ላይ ወድቋል። «አልቋል! እንዴት ሊያልቅ ይችላል?»

ዲንቁ በሌላ ድምፅ፣ «ይሸታል?» አላት።

መልሱ ከኋላ መጣ። «ኧረ ቤንዚኑ ራሴን አዞረኝ፤» አሉ ጃርሶ። «ጀሪካን የጫንሽ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

«ዳር ያዢና አጥፊው! ቤንዚኑ ሞተሩ ላይ እየፈሰሰ ነው። አባባን አውጪያቸው፤ ኮፈኑን እንዳትነኪ!»

የመንገዱ ዳር ጠጠር ላይ ወጥታ ቆመችና ሞተሩን አጠፋች። ከኮፈኑ ጠርዝ ቀጭን ጭስ ይወጣል፤ ከሥር ጠብ ጠብ የሚል ይሰማል። ስልኩን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ሮጣ በወዲያ በኩል በሩን ከፈተች። አባቷ የሚወጡት በዚህ በኩል ያለው የፊት ወንበር ሲታጠፍ ብቻ ነው፤ የሾፌሩ አይታጠፍም። ማንሻውን ሳበችው፤ ተሰብሮ እጇ ላይ ቀረ።

ጭሱ ወፈረ። ወንበሩን ገፋች፣ ነቀነቀች፣ በጉልበቷ መታችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ልጄ፣ ሂጂ፤» አሉ አባቷ ቀስ ብለው። «ልጆች አሉሽ። ሂጂ።»

«ዝም በል፣ አባ!» አባቷን እንዲህ ተናግራ አታውቅም። «ፈንዲ፣ ማንሻው ተሰበረ! ምን ላድርግ?»

«ከተሰበረበት ቀዳዳ ውስጥ ሽቦ አለ። ሽቦውን ሳቢው!»

ጣቷን ሰደደች። ሽቦው ቀጭንና ቅባት የነካው ስለሆነ አሟለጫት። ሻሿን አውልቃ ጠቀለለችበትና በሁለት እጇ ወደ ኋላ ሳበችው። ጃርሶም ተስፋ መቁረጣቸውን ትተው በደህናው እግራቸው ወንበሩን ከኋላ ረገጡት። አንዴ። ደግመው። ቀጭ አለና ወንበሩ ወደ ፊት ተደፋ። በብብታቸው ይዛ ጎተተቻቸው፤ ጀሶው በሩን ሲመታ ጮኹ፤ እሷ ግን አልቆመችም። ትንፋሿ ሲያልቅ ከግራር ሥር አብረው ወደቁ።

መኪናዋ አልነደደችም። ጭሱ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ካልቶማ ግን ዓይኗን ከላይዋ ልትነቅል አልቻለችም፤ እሳቱ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል እያለች ሻሿን በጥርሷ ይዛ ተቀመጠች።

ዲንቁ በፒካፑ ደረሰ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ኮፈኑን ከፈተና ጠራት። ወደ ሞተሩ የሚገባው የቤንዚን ቱቦ በሙቀት ብዛት ተሰንጥቋል። ቤንዚኑ በስንጥቁ እየወጣ ሞተሩን አጠበው፤ የሚደርሰው ስላነሰም ነበር የተንፈራገጠው።

«ሞተሩ በራሱ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ደግመሽ ታስነሺው ነበር?» ሲል ጠየቃት።

«አዎ፤» አለች።

«አንዲት ብልጭታ ትበቃው ነበር፤» ብሎ ዲንቁ የመጎተቻውን ገመድ ማሰር ጀመረ።

ጃርሶን ፒካፑ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የምትጎተተዋን መኪና መሪ የሚይዝ ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። ካልቶማ የበሩን እጀታ ይዛ ቆመች። አባቷ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያዩዋታል። ቢስሚላህ ብላ ገባች፤ በሩን ሳትዘጋ፣ አንድ እግሯን ውጭ አንጠልጥላ። ሞያሌ እስኪገቡ እግሯን አላስገባችም።