የሹክታ ወንበር

ባሌን ቲያትር ቤት ውስጥ ሁሉም «ሹክታ» ይሉታል። ሥራው ከመጋረጃው ጀርባ በአንዲት አጭር ወንበር ተቀምጦ፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ ማስታወስ ነው። ስንጋባ «ለጊዜው ነው፤ ተዋናይ ነው የምሆነው» ብሎኝ ነበር። ይኸው ልጃችን ለአቅመ ሔዋን ደረሰች፤ እሱም ወንበሯም እዚያው ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት የእኔ ኑሮ ነው።

ወንድሜ እብነ በረድ መቁረጫ ቤት አለው። «ይምጣና አብረን እንሥራ» ባለ ቁጥር ባሌ «ትንሽ ታገሡኝ» ይላል። ስንታገሥ አረጀን። ከሥራ ሲገባ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መሃል የቲያትሩን ንጉሥ ሆኖ ይጫወታል፤ እኔ ጽሑፉን ይዤ እከታተላለሁ። እዚያም ቢሆን ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ከፍ ካለ አከራያችን ግድግዳውን ይደበድቡታል።

በመጨረሻ ንጉሡን የሚጫወተው ሰውዬ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የቲያትሩ አዘጋጅ ባሌን ጠርተው «ቃሉን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሑድ ከሰዓት ትገባለህ» አሉት። እኔና ልጄ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን።

ባሌ ዘውዱን ደፍቶ ወጣ። እንዴት እንዳማረበት! ሚኒስትሩን የሚጫወተው ተዋናይ ፊት ቆሞ አፉን ከፈተ፤ «ይህን ዘውድ ተቀበሉኝ፤ ከበደኝ» አለ። እኔ ሰማሁት። ከኋላዬ ያሉት ግን «አይሰማም!» ብለው ጮኹ። ደገመው፤ ያው ሹክሹክታ ነው። ይሄኔ ሚኒስትሩ፣ ዕድሜ ልኩን ከዚያ ድምፅ ቃል ሲቀበል የኖረ ሰው፣ ቃል የጠፋበት እሱ ራሱ መስሎት ደረቱን ነፍቶ «ይህን ዘውድ ተቀበሉኝ፤ ከበደኝ!» አለ፤ በባዶ ራሱ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ልጄ ፊቷን ትከሻዬ ውስጥ ቀበረች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ትርኢቱ ሲያልቅ ወደ ኋላ ዞሬ ገባሁ። ዘውዱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቁጭ ብሏል። አዘጋጁ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፤ ወንበርህ እንደሆነ የትም አልሄደችም። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንሞክራለን» አሉት።

«ሌላ ጊዜ» የምትለዋን ሲሰማ ዓይኑ በራ። በዚያች ቃል ነው እዚህ የደረስነው። ምንም ብል የሚሰማኝ አልመሰለኝም።

እሱ ግን ዘውዱን አገላብጦ አየው። ከዚያ በአዘጋጁ እጅ ላይ አኖረው። «ጋሼ» አለ እንባው እየወረደ፣ «ይቅርብኝ። ሌላ ጊዜ አይበሉኝ። ሌላ ጊዜ ካሉኝ እመለሳለሁ።»

በነጋታው ወንድሜ ዘንድ ሥራ ገባ። ማሽኑ ጆሮ ያደነቁራል፤ እሱም ከማንም ጋር አያወራም። ቤት ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ያን ሁሉ ዓመት የለመንኩት ይህንን ነበር፤ ሳገኘው ቤቴ ለቅሶ ቤት መሰለኝ።

የተሰበረው እግር ድኖ ልምምድ በተጀመረ ሰሞን፣ ከሥራ ይዤው ስመለስ በቲያትር ቤቱ ጓሮ አለፍን። መስኮቱ ክፍት ነበር። «ይህን ዘውድ ተቀበሉኝ…» አለ ንጉሡ ከውስጥ፤ ከዚያ ጸጥ። ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ባሌ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቃሉ እኔም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰዓት እንዲጮኸው ፈለግሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማው።

በአቧራ የነጣ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ከዚያ «እንሂድ» አለኝ፣ በዚያው ድምፁ።

የመንገዱ ጥግ ላይ እስክንታጠፍ ድረስ ንጉሡ ቃሉን አላገኘውም።