ቂም ያለው እጁን ያንሳ

አቶ አስረስ ወደ ጸሎት ቤታችን መመላለስ የጀመረው ምርጫ ሲቃረብ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ድሮ የወረዳችን አስተዳዳሪ ነበር፤ አሁን ለምክር ቤት ይወዳደራል። ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች ሲኬድ፣ ከወንዙ ማዶ፣ እኔና ወደ ጌታ የሄደው ባሌ ችግኝ ከጫካ እያመጣን የተከልነው ቡና ነበረን። ይህ ሰው «ጠፍ መሬት ነው» ብሎ ለባለሀብት ሰጠው። ቡና የሚለቀምበት ጠፍ መሬት የት አገር ታይቷል? ጮህኩ፤ ሰሚ አጣሁ። ከዓመት ዓመት ስጮህ ጊዜ የገዛ ምእመኖቻችን እንኳ «እማማ ሰሎሜ ደግሞ ያን ቡናቸውን ጀመሩ» እያሉ ይሳሳቁብኝ ጀመር። መሬቱስ መሬት ነው። እኔን ያቃጠለኝ ውሸታም መባሌ ነው። ከመሞቴ በፊት የወሰደው ሰው በገዛ አፉ እንዲናገረው ፈለግሁ፤ ሌላ አልፈለግሁም።

ሥራው መልካም ነው፣ አልዋሽም። ለጸሎት ቤቱ ቆርቆሮ አመጣ። ከምእመናኑ አንዱ፣ ታፈሰ፣ ሲታመም በራሱ መኪና ሆስፒታል አደረሰው። የአጥሩ ግድግዳ ሲሠራ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ረገጠ። ታዲያ ጭቃውን ሲረግጥ በስልክ የሚቀርፀው ሰው አብሮት ነበር። ያ ሰው ስልክ ሊያናግር ዞር ሲል፣ ጌታው ከጭቃው ወጥቶ እግሩን ሲታጠብ አየሁት። ዓይኔ ደከመ እንጂ አልጠፋም።

ጎረቤቴ ዘይቱ፣ ከጅማ በኩል የመጣች ቡና ነጋዴ ናት፣ ይህን ስነግራት ሳቀች።

«እናንተ ጋ ቆርቆሮ ነው? እኛ መስጊድ ምንጣፍ ነው።»

«ሰገደበት?»

«ኧረ ፎቶ ተነስቶበት ሄደ!»

ቅዳሜ ፓስተር አልአዛር ቤቴ መጣ። ሲለማመጠኝ ነገሩ ገባኝ።

«እማማ፣ ነገ የጌታ እራት ነው። አቶ አስረስንም በአባልነት እንቀበላለን። ቤተ ክርስቲያን እኮ የኃጢአተኛ ቤት ናት።»

«ይግባ! እኔ በረኛ ነኝ? ግን የገባ ሁሉ ከሽማግሌዎች ጎን ወንበር ይሰጠዋል? የወርቅ ቀለበት ያደረገውን አታስበልጡ ብለህ የሰበክኸው አንተ አይደለህም?»

«እሱ እንኳ አገባቡ ሌላ ነው።»

«አገባቡን እንጃ፤ ቀለበቱን ግን አይቼዋለሁ።»

አንገቱን ደፋ። «ነገ ስጠይቅ... ለሰላም ብለው...»

«ትጠይቃለህ አይደል? እንግዲያው ጠይቅ።»

በእኛ አጥቢያ ኅብስቱ ሳይቆረስ በፊት «ቂም ያለው እጁን ያንሳ» ይባላል። አንድ ሰው ካነሳ ኅብስቱ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ይቆያል፤ ሰዎቹ ሳይታረቁ ማንም አይቀምስም። ብዙውን ጊዜ የሚያነሳ የለም። ጉባኤ ሙሉ ሰው ማስጠበቅ ያሳፍራላ።

እሁድ ጠየቀ። አነሳሁ።

ቤቱ ጉም ጉም አለ። ከኋላዬ የተቀመጠችው ሩሐማ «እማማ በሞቴ፣ ያውርዱት!» ብላ ቀሚሴን ጎተተችው። ባለስልኩ ስልኩን ደገነ። አቶ አስረስ ፈገግ እያለ ከወንበሩ ወረደና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። እግሬን ሰበሰብኩ።

«ጉልበቴን ተወው። አፍህን ክፈት።»

ቀና አለና ወደ ሕዝቡ ዞረ። ድምፁ ያማረ ነው፣ ይህን አልነፍገውም። «ወገኖቼ፣ በሥራ ዘመኔ ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ...»

«ካላችሁ? አለሁ እንጂ! ይኸው ተቀምጫለሁ!»

ሰው ሳቀ። ፓስተሩ «እማማ፣ የመሬት ነገር የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይደለም» አለኝ።

«የዚያን ቡና አስራት በጆንያ ስትቀበሉ የማን ጉዳይ ነበር?»

ሳቁ ቆመ። አቶ አስረስ ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ደግሞ ፈዘዘ። ለባለስልኩ በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ሰውየው ስልኩን አወረደ። እኔ ይህንንም አላመንኩትም፤ ሊያመልጥ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«የእማማ ሰሎሜ ቡና» አለ፣ አሁን ድምፁ አላማረም፣ «ፍሬው ቀልቶ አይቼዋለሁ። እያየሁት ጠፍ መሬት ነው ብዬ ሰጠሁት።»

«ለምን?»

«ማን ይሰማታል ብዬ።»

አንዲት ሴት «ወይ ኢየሱስ!» አለች። ያ ሁሉ ሲሳሳቅብኝ የኖረ ሰው ወለል ወለሉን ያይ ጀመር። ፓስተሩ ቸኩሎ ወደ ኅብስቱ ዞረ።

«ቆይ» አልኩት። «እዚህ ያሉት ወዳጆቹ ናቸው። ነገ መሬት አስተዳደር ቢሮ ይድገመው። እስኪደግመው ኅብስቱ ይቆይ።»

በዚያ እሁድ ማንም ሳይቀምስ ወደየቤቱ ገባ። አንዳንዱ ሲያልፍ ገላመጠኝ። ይገላምጠኝ።

ሰኞ ቢሮው በር ላይ ቆምኩ፣ ዘይቱ ጃንጥላ ይዛልኝ። «አይመጣም፣ ምንጣፍ ሊያድል ቴፒ ወርዷል» ትለኛለች። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። በባጃጅ መጣ፤ ባለስልኩ የለም። ኃላፊው ፊት ቆሞ ያንኑ ቃል ደገመው። ኃላፊው፣ ባየ የሚሉት ወጣት ነው፣ «ጋሼ፣ ይህ እርስዎንም ያስጠይቃል እኮ» አለው። «አውቃለሁ» አለ። ብዕር ተቀብሎ ቃሉ ላይ ፈረመ። ማስመሰልም ይለመዳል ብዬ ደህና አድርጌ አየሁት። ሲያስመስል ግን አላየሁትም።

በሚቀጥለው እሁድ እጄን ለእርቅ ዘረጋሁለት፤ ጉባኤው እልል አለ። መሬቱ ገና አልተመለሰም፤ ባለሀብቱ ጠበቃ ይዟል አሉ። ውሸታም የሚለኝ ግን የለም። ኅብስቱ ተቆረሰ፣ ለእኔም ለእሱም ደረሰን። ፓስተሩ «እንጸልይ» ሲል ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ እሱን እያየሁ ጸለይኩ።